አባቴ የሠራውን ቆጥ ሳላፈርስ ማደስ እፈልጋለሁ (አዳማ)

የባቡር ሰፈሯ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሱኝ።

ቤታችን አዳማ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ስድስት ልጅ ሲወልድ ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ጠበበው። በ1979 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ከፍ አስደርጎ ከሳሎኑና ከመኝታ ቤቱ በላይ ቆጥ ሠራ። ቆጥ ስል ዕቃ መወርወሪያ ማለቴ አይደለም። መሀሉ ላይ ሰው ቆሞ የሚሄድበት፣ መስኮት ያለው፣ አራት አልጋ የዘረጋንበት ክፍል ነው። ወንድሞቼ እዚያ ተኝተው ነው ያደጉት። እኔም ለማትሪክ ያጠናሁት እዚያ ነው። ከትንሿ መስኮት ዛሬ ኮረብታው ላይ የቆሙት የንፋስ ማመንጫዎች ይታያሉ። ያኔ ባዶ ኮረብታ ነበር።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እናቴ ታች ከእኔ ጋር ትኖራለች። ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው፤ የራሱ ማጥኛ ቦታ የለውም። ቆጡን አድሼ ለእሱ መስጠት እፈልጋለሁ። አፍርሺውና ሌላ ሥሪ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ማፍረስ አልፈልግም። አባቴ ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ በፋኖስ ነው የሠራው።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። የመድኃኒት ማስቀመጫውን ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ እመዘግባለሁ። መለካት ልማዴ ስለሆነ ቆጡንም ለካሁት።

ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። ጣሪያው መሀል ላይ 2 ሜትር ከ30 ነው፤ ግራና ቀኝ ወርዶ 90 ሳንቲም ይሆናል። ወለሉ ጣውላ ሲሆን የተኛው በወፋፍራም የባሕር ዛፍ አጣናዎች ላይ ነው። ታች የፊት ለፊቱ ግድግዳ ድንጋይ ነው። የቀሩት በድንጋይ መሠረት ላይ የቆሙ የጭቃ ግድግዳዎች ናቸው፤ ከውጭ በሲሚንቶ ተለስነዋል።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። ትልቁ ሙቀቱ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የፋርማሲውን ዓይነት ቴርሞሜትር ይዤ ወጣሁ። ደጅ ጥላ ሥር 32 ዲግሪ ነበር። ቆጡ ላይ 41 አለኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እንኳን ከ33 አልወረደም። ችፑዱ በቀጥታ ቆርቆሮውን በተሸከመው እንጨት ላይ ነው የተመታው። እጄን ዘርግቼ ብነካው ያቃጥላል።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። በመኝታ ቤቱ በኩል ስሄድ ወለሉ ይረግባል፤ ታች እናቴ ትሰማዋለች። የሚገርመኝ ግን በሳሎኑ በኩል ያለው ግማሽ ምንም አይንቀሳቀስም። አጣናውም ያው፣ ጣውላውም ያው ነው። አንድ ልጨምር፦ ታች ሳሎን ውስጥ ኮርኒሱ መሀል ላይ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ በጣውላ ሳጥን ተሸፍኗል። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ተነሥቶ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን እስከሚለየው ግድግዳ ድረስ ይሄዳል። ለጌጥ ይመስለኛል።

ደረጃው ከመሰላል አይሻልም። 2 ሜትር ከ60 ከፍታን በዘጠኝ እርምጃ ነው የሚወጣው። ንፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል። በአንድ ጥግ ዝናብ ገብቶ ችፑዱን ቡናማ አድርጎታል። የኤሌክትሪኩ ገመድም የአባቴ ጊዜ ነው።

ሁለት ባለሙያ አምጥቼ ነበር። አንደኛው «ይሄን ሁሉ አንሥተን የኮንክሪት ሶሌታ እንሙላበት፤ ለልጅ ልጅ ይቆይሻል» አለ። ሁለተኛው ደግሞ ከላይ ጂፕሰም፣ ከሥር ሴራሚክ አድርጎ በሁለት ሳምንት እንደሚያስረክበኝ ነገረኝ። ሁለቱም ቆጡ ላይ አልወጡም። ደረጃው ሥር ቆመው ነው የተናገሩት። ያ አላስደሰተኝም።

ከየት ልጀምር? ገንዘቤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያሠራኝም። ምን ይቅደም፣ ምን ይቆይ?


ልኬት ይቅደም፦

እህቴ፣ እንዲህ ለክቶ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገጥመኝም፤ ተባረኪ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የምሠራውም አዳማ ነው።

ሶሌታውን ፈጽሞ እንዳታስቢው። በቁጥር ላስረዳሽ። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት አንድ ሜትር ኪዩቡ 25 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። 20 ካሬ ወለል ላይ በ10 ሳንቲም ውፍረት ብቻ ቢሞላ 2 ሜትር ኪዩብ ነው። 50 ኩንታል ማለት ነው። አልጋውና ሰው ገና አልተቆጠረም። ያን የሚሸከመው የጭቃ ግድግዳ ነው ወይ? ሶሌታ የራሱን ኮለን (ምሰሶ) እና የራሱን መሠረት ይፈልጋል። ያ ደግሞ ሌላ ቤት መሥራት ነው እንጂ እድሳት አይደለም።

ሴራሚኩም ያው ነው። ከሥሩ 5 ሳንቲም የሲሚንቶ ሙሌት ቢገባ 20 ኩንታል ይጨምራል። በዚያ ላይ በሚረግብ ወለል ላይ ሴራሚክ አይቆይም፤ በወሩ ይሰነጠቃል።

በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣውን መንቀጥቀጥ አዳማ ያለን ሁሉ እናስታውሰዋለን። እኔ ሌሊት ልጆቼን ይዤ ደጅ ወጥቻለሁ። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤትን የሚጎዳው ላይኛው ላይ ያለው ክብደት ነው። ከላይ የከበደ ቤት ብዙ ይወዛወዛል፤ ግድግዳውን ይገፋዋል። ስለዚህ ያንቺ ቆጥ ቀላል መሆኑ ጥሩ ነገሩ ነው። አባትሽ እንጨት መምረጣቸው ልክ ነበር።

ወለሉን ለመፍረድ ሦስት ነገር ንገሪኝ። አጣናዎቹ በ4 ሜትሩ በኩል ነው የተኙት ወይስ በ5 ሜትሩ? ከአንዱ አጣና እስከ ሌላው ስንት ሳንቲም ነው? ውፍረታቸውስ?

ፈቃዱንም አትርሺ። መዋቅር የሚነካ ሥራ ስለሆነ የከተማው የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ ያለ ፈቃድ መገንባት ብቻ ሳይሆን ነባሩን መቀየርም ክልክል ነው። ቀለምና ችፑድ መቀየር ሌላ፣ ተሸካሚ መጨመር ሌላ።


የባቡር ሰፈሯ፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሁለት ጣውላ አስነቅዬ አየሁ። አጣናዎቹ በ4 ሜትሩ በኩል ነው የተኙት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። በየ80 ሳንቲሙ ናቸው፤ ሰባት ናቸው። ውፍረታቸው ከ10 እስከ 11 ሳንቲም ነው።


ልኬት ይቅደም፦

መልሱ እዚያው ላይ አለ። 10 ሳንቲም አጣና 4 ሜትር ሙሉ ያለ ድጋፍ ሲሄድ ለመኖሪያ ክፍል አይበቃም። ለመኖሪያ ወለል የምንይዘው ጭነት በካሬ 2 ኩንታል ነው። ያንቺ አጣና ያን ሲሸከም ከአቅሙ በላይ ነው የሚጨነቀው። እስካሁን ያልተሰበረው ያን ያህል ጭነት አንድም ቀን ስላልመጣበት ነው። የወንድሞችሽ አልጋ በየግድግዳው ጥግ ነበር አይደል?

ደስ የሚለው ደግሞ ይሄ ነው። አጣናው መሀሉ ላይ ቢደገፍና 4 ሜትሩ ሁለት ሁለት ሜትር ቢሆን፣ በእንጨቱ ላይ ያለው ጫና ወደ ሩብ ይወርዳል። መርገቡ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይቀንሳል፤ ወደ አሥራ ስድስተኛ። አጣና ሳትቀይሪ፣ ወለል ሳታፈርሺ ማለት ነው። ከሥር መሀል ለመሀል አንድ የብረት ተሸካሚ ማስኬድ ነው። ጫፍና ጫፉ የሚያርፈው ግን በጭቃው ግድግዳ ላይ አይደለም። ብረት ቋሚ፣ ከቋሚውም ሥር የራሱ የኮንክሪት መሠረት ይኖረዋል። የብረቱን መጠን ግን ቤቱን ሳላይ በጽሑፍ አልነግርሽም። መጥቶ የሚያይ መሐንዲስ ያስላልሽ።

የሳሎኑ በኩል ለምን እንደማይረግብ ግን አልገባኝም። በቁጥሩ ከሄድን እሱም መርገብ ነበረበት።


ጋሽ አናጺ፦

ልጄ፣ በእንጨት ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፍራንኮ ሰፈር ነው ቤቴ። እንደ አባትሽ ያለ ቆጥ በዚህ ከተማ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ያፈረስኩትም አለ።

መሐንዲሱ የተናገረው እውነት ነው። እኔን ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ሳሎን ውስጥ ኮርኒሱ መሀል ላይ ዝቅ ብሎ በጣውላ ተሸፍኗል አልሽ። ለጌጥ ይመስለኛል አልሽ። ልጄ፣ በ1979 ዓ.ም. ጣውላ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ስድስት ልጅ ያለው ሰው ለጌጥ ብሎ ጣውላ አያባክንም። ያ ሳጥን የያዘው ነገር አለ። የማይረግበው ወለልም ከዚያ ሳጥን በላይ ያለው ነው። ሁለቱ ነገር አንድ ይመስለኛል። ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ጣውላ ቀስ ብለሽ አስነቅይና እዪው። መጋዝ እንዳይነካው። ምስማሩን በጉልበት ሳይሆን በምስማር መንቀያ፣ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት እያስደገፉ።

ከዚያ በፊት ግን አጣናዎቹን መርምሪ። ዋናው ጠላት ምስጥ ነው። በመዶሻ እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኪ። ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ውስጡ ተበልቷል። የተጠራጠርሽውን በካቻቢቴ ጫፍ ግፊው። ደህና እንጨት ይመልሰዋል፤ የተበላው ያስገባዋል። መሀሉን አይተሽ አትርኪ። የሚበላው ግድግዳ ውስጥ የገባው ጫፉ ነው፤ እሱን ለማየት ልስኑ ትንሽ ይፈልፈል። ግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚሄድ ቀጭን የአፈር መስመር ካየሽ የምስጥ መንገድ ነው። መስመሩን ጠራርጎ መተው አይበቃም፤ ከመሬቱ ጀምሮ መድኃኒት ይፈልጋል።

አንዳንዱ አናጺ «የተቃጠለ ዘይት እንቀባው» ይልሻል። ለአጥር እንጨት ይሁን። ልጅ በሚተኛበት ክፍል ግን አይሆንም። ሽታው ዓመት አይለቅም። በዚያ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። እሳትም ይወዳል።

ጣሪያሽ የሚንኳኳው ምስማሩ ስለላላ ነው። የድሮው ምስማር ቆርቆሮው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እየተሳበ ይወጣል። መልሰው ቢመቱት ያው ቀዳዳ ነውና አይዝም። ባለ ጎማ ብሎን በአዲስ ቦታ ይገባ፤ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይሁን። ያንቺ ጥግ የሚያፈሰው ምናልባት ቦይ ላይ በተመታ ምስማር ነው። አዳማን ታውቂያታለሽ። ከመስኮትሽ የምታያቸው ማመንጫዎች ሁለተኛው ዙር ብቻ 153 ሜጋ ዋት የሚያወጡት በዚህ በኛው ንፋስ ነው። ንፋስ ጣሪያን የሚወስደው ከላይ ተጭኖ አይደለም። ከሥር ገብቶ፣ ከላይም ስቦ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር ብቻ መያያዙ አይበቃም። እንጨቱ ከግድግዳው አናት ጋር በጠፍጣፋ ብረት ይታሰር። ይሄ ለመንቀጥቀጡም ይጠቅምሻል።


የደንበላው ልጅ፦

ስለ ሙቀቱ እኔ ልንገርሽ፤ በገንዘቤ ነው የተማርኩት። የኛም ቤት ቆጥ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ነጭ ፎም በሙጫ ከቆርቆሮው ሥር ለጠፈልኝ። ቆርቆሮና ፎም፣ በመሀሉ ክፍተት የለም። መጀመሪያ ወር ደስ ብሎን ነበር። የካቲት ሲገባ ቆርቆሮው ሲግል ሙጫው ቀለጠ፤ አንዱ ሉህ አልጋ ላይ ወደቀ። የቀረውን አይጥ ሰፈረበት። ሌሊት ሲፈለፍለው እንሰማለን። በኋላ ደግሞ አንድ መሐንዲስ ጓደኛዬ ቁራጩን ደጅ አውጥቶ በክብሪት ለኮሰው። እንዴት እንደተያያዘ፣ ጭሱ እንዴት እንደጠቆረ አይቼ የዚያኑ ቀን ሁሉንም አወረድኩት።

አሁን ያደረግነው እንዲህ ነው። ከላይ ቆርቆሮውን ነጭ የጣሪያ ቀለም ቀባነው። ይሄን መጀመሪያ አድርጊ፤ ከሁሉም ርካሹ ነው፣ ልዩነቱንም በእጅሽ ትነኪዋለሽ። ፀሐይ ላይ የዋለ የዛገ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም፤ ነጩ ብዙውን ብርሃን ይመልሰዋል። ግን ዝገቱ ካልተፋቀና ፀረ ዝገት ካልተቀባ ቀለሙ ይላጣል።

ከዚያ ችፑዱን አወረድን። አዲሱን ኮርኒስ ከቆርቆሮው 15 ሳንቲም ዝቅ አድርገን አሰርነው። በዚያ መሀል የመስታወት ሱፍ ኮርኒሱ ላይ ተኛ፤ ከሱፉ በላይ ግን ባዶ አየር ቀረ። ባዶው አየር ነው ዋናው። ከታች በጣሪያው ክፈፍ ሥር ቀዳዳ ተውን፤ ከላይ ጫፉ ላይ ካለው መክደኛ ሥር ደግሞ መውጫ። የጋለው አየር ወደ ላይ ሄዶ ይወጣል፤ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል። ሁሉም ቀዳዳ ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጊ። ወባ ባለበት ከተማ ክፍት ቀዳዳ አይተውም፤ ለአይጡም ለወፉም ይሆናል።

መስኮትሽ አንድ ነው ካልሽ ሁለተኛ በተቃራኒው በኩል አስወጪ። አየር በአንድ በኩል ገብቶ መውጫ ካጣ አይንቀሳቀስም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ደረጃው በኩል እሳት ቢነሣ ልጁ በምን ይወጣል? መስኮቱ ሰው የሚያሳልፍ ይሁን፤ ፍርግርግ ካለው ከውስጥ የሚከፈት ይሁን።

ሱፉ ሲሠራ ጭንብልና ጓንት ሳይረሳ። እጄ ሁለት ቀን አሳከከኝ።


ከሐዋሳ፦

እኔ የምናገረው ስለ ደረጃው ብቻ ነው። እናቴ ከእንዲህ ያለ ደረጃ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራለች። ስለዚህ እህቴ፣ ደረጃው «ይቆይ» ከሚባሉት ውስጥ እንዳይሆን እለምንሻለሁ።

2 ሜትር ከ60ን በዘጠኝ ብታካፍዪው አንዱ እርምጃ 29 ሳንቲም ነው። የሚመች ደረጃ 17 ወይም 18 ነው። ለዚያ ግን ቦታ ይፈጃል። እኛ ቤት ቦታ ስላልነበረ 20 ሳንቲም አደረግነው። ላንቺ 13 እርምጃ ይሆናል። እግር የሚረግጥበት 22 ሳንቲም ቢሆን ወለል ላይ ሁለት ሜትር ከ65 ያህል ይወስዳል። ያም ከረዘመ መሀል ላይ በማረፊያ ይታጠፍ። ከሥሩ የጤፍ ከረጢቱም የውሃ ጀሪካኑም ይገባል፤ ቦታው አይባክንም። ከላይ ስትደርሺ ራስሽ ወራጁን እንዳይመታ ሁለት ሜትር ክፍት ይኑር። የእጅ መደገፊያው በሁለቱም በኩል ይሁን። ከፍታዎቹ ሁሉ እኩል መሆናቸውን በሜትር ለኪ። እናቴን የጣላት አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ አራት ሳንቲም የሚበልጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅሽ ሲያጠና ቡና ልታፈዪለት ከሰል ይዘሽ ወደ ላይ እንዳትወጪ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው ግን ይገድላል።


ቆጣሪው ጋ፦

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ አጭር ነው የምጽፈው። ከታች ሶኬት ላይ በዲቫይደር ወደ ላይ መሳብ የለም። ከቆጣሪው ሳጥን ለቆጡ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይውጣ። ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፤ የመሬት መስመርም ይኑረው። ሁሉም በኮንዲዊት (በገመድ ቱቦ) ውስጥ ይሂድ። ገመዱ በሱፉ ውስጥ አይቀበር፣ ከቆርቆሮውም ሥር አይጠጋ። ገመድ በሙቀት ውስጥ ሲሆን የሚችለው ጭነት ይቀንሳል። የድሮው ገመድ ደግሞ ምንም ሳይቀር ሙሉ በሙሉ ይነቀል። ግማሹ ቀርቶ ግማሹ ሲቀጠል ነው አደጋ የሚመጣው። ይሄ ሁሉ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ነው የሚሠራው፤ ከተዘጋ በኋላ የሚጠሩኝ ሰዎች ያሳዝኑኛል።


የባቡር ሰፈሯ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሼ እንዳሉኝ ቅዳሜ ሳጥኑን ከፈትነው። ልጄ ምስማሩን ነቀለ፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ሁለት ጣውላ ሲወርድ አቧራና የሸረሪት ድር ወረደብን። ከዚያ ብረት ታየ። ቱቦ መስሎኝ ነበር። ልጄ የስልኩን መብራት አበራበት። ሐዲድ ነው! ከሥር ሰፊው እግሩ፣ ከላይ ጭንቅላቱ፣ መሀሉ ቀጭን። የድሮው ባቡር ሐዲድ ቁራጭ። አንዱ ጫፉ የፊት ለፊቱ ድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል። ሌላኛው ጫፉ በመሀሉ ግድግዳ ውስጥ በቆመ ወፍራም ብረት ላይ ተቀምጧል። አራቱ የሳሎን በኩል አጣናዎች በሙሉ ጀርባው ላይ ተኝተዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ አለ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ሳሳ ያለ። አጣናዎቹ እኩል አልነበሩምና አንድ በአንድ ውሃ ልክ አምጥቶላቸዋል።

እናቴን ጠራኋት። ቀና ብላ አየችውና ቁጭ አለች። «እሱን እኮ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ገዝቶ በጋሪ ነው ያመጣው» አለች። «ሁለት ፈልጎ ነበር። ለሁለተኛው ብር አልነበረንም። ያ ዓመት ያንቺ እህት የታመመችበት ነው። መኝታ ቤቱን በኋላ እሠራዋለሁ እንዳለ ቀረ።»

እኔ ስንት ዓመት ከሥሩ ተቀምጬ በልቻለሁ፤ ጌጥ ነው እያልኩ።

መሐንዲስ አስመጣሁ፤ ቆጡ ላይ ወጥቶ ያየ። ሐሳቡ ቀላል ሆነ። ከመሀሉ ግድግዳ እስከ ኋላው ግድግዳ፣ በሐዲዱ መስመር ላይ፣ 2 ሜትር ተኩል የብረት ተሸካሚ ገባ። ጫፍና ጫፉ ላይ ቋሚ፣ ከሥሩም ኮንክሪት መሠረት። አባቴ የጀመረው ተጨረሰ ማለት ነው። ፈቃዱን በመሐንዲሱ ስዕል አወጣሁ፤ ተመላልሻለሁ፣ ግን ወጣ።

አጣናዎቹን ሁሉ አንኳኳናቸው። ከሰባቱ፣ በኋላ ግድግዳው በኩል ያሉት ሁለቱ ጫፋቸው ተበልቶ ነበር። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። በአዲስ ተቀየሩ። ሐዲዱ ላይ ካሉት አንዱም አልተነካም። ትናንት ልጄን ከመኝታ ቤቱ በላይ እንዲዘል አድርጌው እናቴ ታች አልጋዋ ላይ ነበረች። «ዝለል እንጂ!» ብላ ጮኸች። እየዘለለ ነበር።

ጣሪያው በብሎን ታሰረ፣ ነጭ ተቀባ። ኤሌክትሪኩ አለቀ። አዲሱ ኮርኒስ 15 ሳንቲም ዝቅ ብሏል፤ መሀል ላይ 2 ሜትር ከ15 ቀርቶልናል፤ ልጄ 1 ሜትር ከ78 ነው። ሁለተኛው መስኮት ገና በቅርቡ ነው የተከፈተው። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ለካሁ። ደጅ ጥላ ሥር 31፣ ቆጡ ላይ 32 ተኩል።

ደረጃው ታዟል፤ ባለ 13ቱ፣ መሀል ላይ የሚታጠፈው። እስኪመጣ ልጄ እንጂ እናቴ አትወጣም፤ ቃል አስገብቻታለሁ። ሴራሚክ የለም። የአባቴን ጣውላ አስላግተን ቫርኒሽ እንቀባዋለን።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ሐዲዱን መልሼ ልሸፍነው ወይስ እንዲታይ ልተወው? ልጄ እንዲታይ ይፈልጋል። ዝገት አለው፤ ግን የሚላጥ አይደለም።


ልኬት ይቅደም፦

ቁጥሩ ለምን አልገጥም እንዳለኝ አሁን ገባኝ። እንዲታይ ተዪው። የሚታይ ብረት ሲዝግም ሲላላም በጊዜ ይታወቃል። ጫፉ ድንጋዩ ውስጥ የገባበት ቦታ እርጥበት እንዳይኖረው ብቻ አረጋግጪ፤ ከውጭ በኩል ያለው ልስን ተሰንጥቆ ከሆነ ይጠገን።


ጋሽ አናጺ፦

ነፍሳቸውን ይማር፤ ሽብልቁን አንድ በአንድ የተከሉ ሰው ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ሽብልቆቹን እንዳትነኪያቸው፤ ያለቦታው የተቀመጠ የለም።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስፍቂና ፀረ ዝገት ይቀባ። ግን ቀለም ከመግባቱ በፊት መሀሉን፣ ቀጭኑን ጎን፣ በደንብ ፍቂና በመብራት እዪ። ሐዲድ ከፋብሪካ ሲወጣ የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ብረቱ ላይ ጎላ ብሎ ይወጣል። ቁራጩ በዕድል ያ ያለበት ከሆነ ታነቢዋለሽ። ቀለሙ እንዳይሞላው በሳሳ ብሩሽ ይቀባ።


የባቡር ሰፈሯ፦

እሺ ጋሼ። ብሩሹን ዛሬ ገዝቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከልጄ ጋር እንፍቀዋለን። እናቴ «እኔም ላንብበው» ብላ መነጽሯን ፈልጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች።